መኪናው በጓሮ በር ይግባ

ጥያቄው፣ እኔ ትንሽ አሳጥሬው፣ ይህ ነው።

«ከመስቀል አደባባይ በባምቢስ በኩል ወደ ኡራኤል በሚወስደው አስፋልት ዳር ከአባቴ የወረስኩት ይዞታ አለኝ። የፊት ስፋቱ 18 ሜትር ነው። ድሮ ቪላ ነበር፤ መኪና የሚገባውም የሚወጣውም በዚያው በአስፋልቱ በኩል ነበር። አሁን ቪላውን አፍርሼ ቤዝመንት ያለው ጂ ፕላስ አምስት እየሠራሁ ነው። ምድሩን ለባንክ፣ ከላይ ያለውን ለክሊኒክ ለማከራየት ተነጋግሬያለሁ። ቤዝመንቱ 14 መኪና ይይዛል። በፀደቀው ስዕል ላይ ራምፑ (መኪና ወደ ቤዝመንቱ የሚወርድበት ተዳፋት) የሚወጣው ወደ አስፋልቱ ነው፤ ግን አርማታው ገና አልተሞላም። በመሀሉ መንገዱ ሲታደስ በሩ ፊት ለፊት የብስክሌት መንገድና ከፍ ያለ ከርብስቶን (የመንገድ ጠርዝ ድንጋይ) ተሠራበት። ይከፈትልኝ ብዬ ስጠይቅ ‹ከኋላ 6 ሜትር ኮብልስቶን አለህ፣ በዚያ ተጠቀም› ተባልኩ። ጎረቤቶቼ በአስፋልቱ በኩል እየገቡ እኔ ለምን እከለከላለሁ? ካርታዬ ላይ መንገዱ በግልጽ ይታያል። የትራፊክ መብራቱ 40 ሜትር ያህል ይርቃል። ከርብስቶኑን በራሴ ወጪ አስቆርጬ ራምፕ ባደርግ፣ መኪና የሚያስቆም ጥበቃም ብቀጥር ችግሩ ምንድን ነው? ካልሆነስ ካሳ ይገባኛል?»

ከርብስቶኑን አይንኩት። ራምፑ ገና ያልተሞላ መሆኑ ከጻፉልኝ ሁሉ ትልቁ ዜና ነው፤ አርማታው ከፈሰሰ በኋላ ቢጠይቁኝ ኖሮ መልሴ ብዙ ብር የሚያስወጣዎት ነበር። አሁን የሚያስፈልገው ስዕሉን አዙሮ የመኪናውን መግቢያና መውጫ ወደ ኋላ መውሰድ ነው። ምክንያቱን ግን በዝርዝር ላስረዳ፤ «ተከለከልኩ» ብለው ያሰቡት ነገር በከፊል ሌላ ነገር ነውና።

መጀመሪያ ካርታው። ካርታ ላይ መንገድ መታየቱ አዋሳኝዎን ይነግርዎታል፤ በዚህ በኩል እገሌ፣ በዚያ በኩል መንገድ። በየትኛው ነጥብ ላይ መኪና ይዘው ወደ መንገዱ መግባት እንደሚችሉ አይናገርም። በ1987 የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬትን የመንግሥትና የሕዝብ አድርጎ፣ በመሬቱ ላይ ለገነቡት ሕንፃ ግን ባለቤት ያደርግዎታል። የመጠቀም መብትዎ ያለ መውጫ ትርጉም ስለሌለው ወደ ሕዝብ መንገድ መድረስ ይገባዎታል፤ ይህን ማንም አይነፍግዎትም። ይህ መብት «ወደ አንድ መንገድ በአግባቡ መድረስ» እንጂ «ወደምመርጠው መንገድ፣ በምመርጠው ቦታ፣ በመኪና» ማለት አይደለም። እርስዎ ሁለት መንገድ አለዎት። በመሀል ከተማ ይህ ስንቱ የሚመኘው ነው።

«ከአባቴ ጊዜ ጀምሮ» የሚለውም ክርክር አያራምድም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መንገድን ከሕዝብ ንብረት ውስጥ ይቆጥረዋል፤ የሕዝብ ንብረት ደግሞ በይርጋ የግለሰብ አይሆንም። አባትዎ በዚያ በር 40 ዓመት ገብተው ቢሆን እንኳ የተጠቀሙበት ቁራሽ የእግረኛ መንገድ ንብረታቸው አልሆነም። እንዲያውም በሩ የቆመው ከ1956 በፊት ከሆነ ያን ጊዜ አገሩ የሚነዳው በግራ ነበር። መኪናው የሚሄድበት ጎን ራሱ ሲለወጥ በሩ አልተጠየቀም።

እዚህ ላይ የማየው ሌላ የተለመደ ስሕተት አለ፤ አስፋልቱን ብቻ መንገድ ማለት። ከአጥርዎ ጀምሮ ያለው የእግረኛ ንጣፍ፣ የዛፉ መደብ፣ የብስክሌት መስመሩ፣ ከሥራቸው ያለው የቴሌ ኬብል፣ የውሃ መስመርና የጎርፍ ቱቦ ሁሉም መንገድ ነው። ከርብስቶኑም የመንገዱ አካል ነው። እሱን በራስ ወጪ መቁረጥ የሰውን አጥር በራስ ወጪ እንደማፍረስ ነው፤ ወጪውን መቻል ፈቃድ አይሆንም። በከተማችን ይህን የሚያስተዳድረው ከ1990 ጀምሮ ያለው የአዲስ አበባ ከተማ መንገዶች ባለሥልጣን ነው፤ የትራፊኩ አካሄድ ደግሞ በትራፊክ ማኔጅመንቱ በኩል ያልፋል። የግንባታ ፈቃድዎ ላይ ራምፕ ተስሎ መጽደቁ ሕንፃው እንዲሠራ ነው የፈቀደው፤ መንገድ እንዲቆረጥ አልፈቀደም። ሁለቱ ማኅተሞች የሚወጡት ከተለያየ ጠረጴዛ ነው፤ አማካሪዎ ይህን ሊነግርዎት ይገባ ነበር። የሚያሳዝነው፣ ስዕል ሲሠራ ከይዞታው መስመር ውጭ ያለው ወረቀት ብዙ ጊዜ ነጭ ሆኖ ይቀራል። አርክቴክቱ ራምፑን ስሎ ቀስት ያደርግበታል፤ ቀስቱ ወዴት እንደሚሄድ ማንም አይጠይቅም።

አሁን ወደ ዋናው ምክንያት ልምጣ።

መንገድ ሁለት ሥራ አለው፤ ማሳለፍና ማድረስ። የሰፈር ውስጥ ኮብልስቶን ሥራው ማድረስ ነው፤ በየ10 ሜትሩ በር ቢኖር አይጎዳም፣ ለዚያ ነው የተሠራው። እንደ እርስዎ ፊት ያለው ዋና መንገድ ግን ሥራው ማሳለፍ ነው። አውቶቡሱንም፣ ሚኒባሱንም፣ አምቡላንሱንም። በሁለቱ መሀል ሰብሳቢ የምንላቸው አሉ፤ ከሰፈር ይቀበሉና ለዋናው ያስረክባሉ። ሥርዓቱ የሚሠራው መኪና ከበር ወደ ሰፈር መንገድ፣ ከሰፈር ወደ ሰብሳቢ፣ ከሰብሳቢ መብራት ወይም አደባባይ ባለበት ወደ ዋናው ሲወጣ ነው። አንዱን ደረጃ ዘሎ ከበር በቀጥታ ወደ ዋናው ሲገባ፣ ለአንድ ግቢ ምቾት የሚከፍለው በመንገዱ የሚያልፈው ሁሉ ነው። ይህ የእኛ ቢሮዎች የፈጠሩት ነገር አይደለም። አሜሪካ ውስጥ የኮሎራዶ ግዛት በእነሱ አቆጣጠር በ1981 ለአውራ ጎዳናዎቿ ባወጣችው ደንብ፣ ከዝቅተኛ መንገድ በበቂ ሁኔታ መግባት የሚችል ይዞታ በቀጥታ ወደ ጎዳናው መግቢያ እንዳይሰጠው አድርጋለች። እኛም ቀለበት መንገዱን ስንሠራ ያደረግነው ይህንኑ ነው፤ በሮቹ በጎን ባለው ሰርቪስ መንገድ ላይ ይከፈታሉ፣ ዋናው ላይ አይደለም። በመሀል ከተማ ግን ሰርቪስ መንገድ የሚሠራበት ቦታ የለም። የእርስዎ ሰርቪስ መንገድ ያ ከኋላ ያለው ኮብልስቶን ነው።

«14 መኪና ምን ያህል ይጎዳል?» ይሉኝ ይሆናል። 14 የማቆሚያ ቦታ ነው እንጂ 14 እንቅስቃሴ አይደለም። ክሊኒክ ላይ ታካሚ ይመጣል፣ ሰዓት ሳይሞላ ይሄዳል፣ ሌላው ይተካል። ባንክ ላይ ደግሞ ደንበኛው «10 ደቂቃ ብቻ» ብሎ ነው የሚገባው። አንድ የማቆሚያ ቦታ በቀን ብዙ ጊዜ ይገባበታል፣ ያንኑ ያህል ይወጣበታል። የአባትዎ ቪላ አንድ መኪና ነበረው፤ ጠዋት ወጣ፣ ማታ ገባ። በሩ ያው ቦታ ላይ ቢሆንም ሥራው ፈጽሞ ሌላ ነው።

የምንቆጥረው ደግሞ የሚጋጩበትን ነጥብ ነው። በሁለት አቅጣጫ ያለ ገደብ የሚገባበትና የሚወጣበት አንድ በር፣ ባለ ሦስት እጅ መገናኛ ማለት ነው፤ መኪና ከመኪና የሚጋጭበት 9 ነጥብ አለው። መሀል ላይ አካፋይ ተደርጎ በቀኝ ገብቶ በቀኝ ብቻ የሚወጣ ሲሆን ወደ 2 ይወርዳል። በቀኝ መግባት ብቻ ከሆነ 1 ነው። ይህ እንግዲህ እግረኛውንና ብስክሌተኛውን ሳንቆጥር ነው። ከእነዚህ ሁሉ የከፋው መውጣቱ ነው፤ ስለሱ ትንሽ ልቆይ።

በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚመጣ መኪና በሴኮንድ 14 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ሾፌሩ የእርስዎን ደንበኛ አፍንጫ ብቅ ሲል አይቶ እግሩ ፍሬን ላይ እስኪደርስ በዲዛይን 2.5 ሴኮንድ እንሰጠዋለን። በዚያ ጊዜ 35 ሜትር ሄዷል። ከዚያ በኋላ እስኪቆም ሌላ 30 ሜትር ያስፈልገዋል። ስለዚህ ከበርዎ በስተግራ 65 ሜትር ድረስ ሳይጋረድ መታየት አለበት። ይህ የሚያልፈው ሰው እንዲተርፍ ነው። የሚወጣው ሰው ደግሞ ቆሞ ተነሥቶ ወደ ቀኝ እስኪቀላቀል 6.5 ሴኮንድ ያህል ክፍተት ይፈልጋል፤ በዚያው ፍጥነት 90 ሜትር ባዶ አስፋልት ማለት ነው። በሥራ መግቢያ ሰዓት በዚያ መንገድ ላይ 90 ሜትር ባዶ አስፋልት የት ነው ያለው? ክፍተት የሚገኘው ከላይ ያለው መብራት ቀይ ሲሆን ነው። የእርስዎ በር ደግሞ ከመብራቱ 40 ሜትር ላይ ነው ብለዋል። መብራቱ ከበርዎ ወደ ፊት ከሆነ ቀይ ሲበራ የሚቆመው ሰልፍ በርዎን ይዘጋዋል፤ ስድስት ሰባት መኪና ከተሰለፈ 40 ሜትሩ አለቀ። ከበርዎ ወደ ኋላ ከሆነ ደግሞ አረንጓዴ ሲበራ ታምቆ የቆየው ሁሉ ገና ፍጥነት እየጨመረ በርዎ ላይ ይደርሳል። በየትኛውም በኩል ቢሆን ቦታው አይሆንም።

ራምፑ ሌላ ችግር ይጨምራል። 3 ሜትር ለመውረድ ከ100 ሜትር 15 ሜትር በሚወርድ ተዳፋት 20 ሜትር ርዝመት ይበላል። ቦታ ለመቆጠብ ሲባል ራምፑ አጥሩ ድረስ ይሳባል። ከዚያ የሚወጣው መኪና አፍንጫው ወደ ሰማይ ነው፤ ሾፌሩ የሚያየው ኮፈኑንና ማዶ ያለውን የሕንፃ ጣሪያ ነው። በዚያች ቅጽበት ከፊቱ የምታልፈውን ሴት አያያትም።

አንድ ጠዋት በመሀል ከተማ እንዲህ ያለ በር ፊት ቆሜ አይቻለሁ። የቆርቆሮ በሩ የሚከፈተው ወደ ውጭ ነው፤ ጥበቃው ሁለቱን ክንፎች ሲገፋቸው የእግረኛው መንገድ ከግድግዳ እስከ ከርብስቶን ተዘጋ። ጥላ የያዙ እናት ትንሽ ቆሙ፣ ሰዓታቸውን አዩ፣ ከዚያ ወርደው በብስክሌቱ መስመር ዞሩ። ከኋላቸው ሁለት ተማሪዎች ተከተሉ። ከውስጥ አንዲት ቪትዝ በኋላ ማርሽ መጣች፤ ግቢው መዞሪያ ስለሌለው። ጥበቃው አስፋልቱ ላይ ወጥቶ ዱላውን አግድም ዘርግቶ ፊሽካ ነፋ። የመጀመሪያው ሚኒባስ ቆመለት፤ ሁለተኛው መስመር ላይ ያለው ግን ሚኒባሱ ሸፍኖት ጥበቃውን አላየውም። ፍሬኑ ጮኸ። ማንም አልተጎዳም፤ ረዳቱ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ የተናገረውን እዚህ አልጽፈውም። በሩ ተዘጋ፣ እግረኛው ወደ ንጣፉ ተመለሰ፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ እንደገና ያው ተጀመረ።

ለዚህ ነው «ጥበቃ እቀጥራለሁ» ሲሉኝ የምደነግጠው። ትራፊክ የማስቆም ሥልጣን የትራፊክ ፖሊስና በሕግ የተፈቀደለት ሰው ነው፤ የግቢ ዘበኛ የለውም። ከግቢ የሚወጣ መኪና በመንገዱ ላይ ላለው እግረኛና ተሽከርካሪ ቅድሚያ ይሰጣል፤ ፊሽካ ይህን አይገለብጠውም። አደጋ ቢደርስ ዘበኛዎ አስቁሞ ነበር ማለት ጥፋቱን ከደንበኛዎ አንስቶ ወደ እርስዎ ከማምጣት በቀር የሚሠራው የለም። ዘበኛው ራሱም ቢሆን፣ ለእሱ ያለ አንጸባራቂ ልብስና ያለ ሥልጠና አስፋልት ላይ ቁም ማለት ግፍ ነው።

ስለ ጎረቤቶችዎ። እነሱም ቢሆኑ የሚገቡት ድሮ የተከፈተ በር ስላላቸው ነው እንጂ ትክክል ስለሆነ አይደለም። የመሀል ከተማው በር ታሪክ አለው። ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው ጣሊያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤት ከሚሠራው ድርጅት ነው፤ ኢንቺስ ይባል ነበር፣ «ካዛ ኢንቺስ» ካዛንቺስ ሆነ። በዚያ ዘመንና ከዚያ በኋላ በነበሩት ዐሥርት ዓመታት ቪላ ሲሠራ ግቢ፣ አጸድ፣ አንድ መኪና፣ በሩ ወደ መንገድ። መንገዱ ዝምተኛ ነበርና ማንንም አላስቸገረም። ዛሬ መንገዱ ሌላ ሆኖ በሩ እዚያው ቀርቷል። ነባር በር ባለበት የሚታለፈው አገልግሎቱ እስካልተለወጠ ድረስ ነው፤ ቪላው ፈርሶ ንግድ ሕንፃ ሲሆን ጥያቄው እንደ አዲስ ይነሣል። የእርስዎ ተነሥቷል። የእነሱም ሲያፈርሱ ይነሣል። አሁን በተቆረጠላቸው በኩል ቢገቡም በእነሱ መመዘን አይጠቅምዎትም፤ እንዲያውም ሦስት በር ያለበት 50 ሜትር ላይ አራተኛ መጨመር ለመከልከል የበለጠ ምክንያት ነው፣ አንዱ የሚወጣ ሌላው የሚገባውን አይቶ ይሳሳታልና።

በሌሊት ግንበኛ ጠርቶ ማስቆረጡንም ሆነ ብዙዎች የሚያደርጉትን የሲሚንቶ ሽብልቅ ከከርብስቶኑ ሥር መድፋቱን ይተዉት። ያ ጥግ የውሃ መንገድ ነው። ዝናቡ ከአስፋልቱ ወደ ጠርዝ ይወርዳል፣ በጠርዙ ሄዶ ወደ ማስገቢያው ፍርግርግ ይገባል። ሽብልቁ ሲዘጋው ሐምሌ ላይ ውሃው ተመልሶ ወደ መሀል መስመር ይተኛል፤ ወይም ደግሞ በዚያው ራምፕ በተቆረጠው በኩል ይገባና ቤዝመንትዎን ይሞላዋል። ሁለተኛውን በዓይኔ አይቻለሁ። ባለቤቱ ፓምፕ ገዝተው እስከ መስከረም ድረስ ውሃ ሲያወጡ ከረሙ። ሥሩ ኬብል ካለ ደግሞ ለሰፈሩ ሁሉ መልስ ሰጪ እርስዎ ነዎት።

እንግዲህ ምን አማራጭ አለ? የኋላው መንገድ የመጀመሪያው ነው። ነገር ግን «በዚያ ተጠቀም» ብሎ መሸኘት ቀላል ቢሆንም የኋላው መንገድም የራሱ ጣጣ አለው፤ ቢሮው ያልነገረዎትን እኔ ልንገርዎት። 6 ሜትር ሁለት የቤት መኪና ቀስ ብለው ለመተላለፍ ይበቃቸዋል። 6 ሜትር መሆኑን ግን በወረቀት ሳይሆን በሜትር ይለኩት፤ ከበርዎ እስከ መውጫው አፍ ድረስ። ብዙ ጊዜ አፉ ላይ የመብራት ምሰሶ፣ አንድ ሱቅ ወይም ከመስመሩ ያለፈ የአጥር ጥግ ተቀምጦ 6 ሜትሩ 4 ይሆናል። መንገዱ የሚለካው በጠባቡ ቦታ ነው። ችግሩ እዚያ ከሆነ የሚሟገቱለት ነገር ከርብስቶኑ ሳይሆን ያ አፍ ነው፤ ምሰሶው እንዲዛወር፣ ከመስመር የወጣው አጥር እንዲመለስ። ይህን ጥያቄ ለወረዳውና ለክፍለ ከተማው ሲያቀርቡ ደግሞ ከእርስዎ ጋር የሚቆም ሰው አለ፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ።

የሰፈሩን ሰው ካነሣን፣ ኮብልስቶኑን ነዋሪው አዋጥቶ ያሠራው ከሆነ በድንገት የክሊኒክ መኪና ሲጎርፍበት ዝም አይልም። ልጆች የሚጫወቱበት፣ ዕቁብ የሚሰበሰብበት፣ ድንኳን የሚተከልበት መንገድ ነው። ሥራውን ከመጀመርዎ በፊት ዕድሩን ሰብስበው ይንገሯቸው። ቤዝመንቱን ለሠራተኛና ለታካሚ ብቻ ያድርጉት፣ ለሕዝብ ማቆሚያ አያከራዩት፤ ይህን በጽሑፍ ቃል ይግቡላቸው። የሚፈሩት የእርስዎን 14 መኪና ሳይሆን ቦታ አጥቶ በራቸው ላይ የሚያቆመውን ዐሥራ አምስተኛውን ነው።

በቴክኒኩ በኩል የኋላው በር እንዲህ ይሁን። ከአጥሩ ወደ ውስጥ 6 ሜትር ይግባ፤ አንድ መኪና በሩ እስኪከፈት መንገድ ሳይዘጋ ይቆምበታል። በሩ ተንሸራታች ይሁን፤ ወደ ውጭ የሚከፈት በር አይሥሩ። ከ6 ሜትር መንገድ በአንድ ጊዜ ለመጠምዘዝ የበሩ ስፋት ከ5 ሜትር ባያንስ፣ የአጥሩ ሁለት ጥግ ቢቆረጥ ይመረጣል። ራምፑ ከላይ ከመድረሱ በፊት ቢያንስ የአንድ መኪና ርዝመት ሜዳ ይኑረው፤ አፍንጫው ወደ ሰማይ ሆኖ አይውጣ። ከበሩ ግራና ቀኝ ሁለት ሜትር ያህል አጥሩ ከወገብ በታች ዝቅ ይበል ወይም በፍርግርግ ይሁን፤ ሾፌሩ ልጁን እንዲያየው። ቤዝመንቱ ውስጥ መኪና ዞሮ ፊቱን ይዞ የሚወጣበት ቦታ ይኑር፣ ለዚህ ሲባል 14ቱ 12 ቢሆን እንኳ። አንድ የሚጠቅምዎት ነገርም ሊኖር ይችላል፤ በዚያ ሰፈር መሬቱ ተዳፋት ስለሆነ የኋላው መንገድ ከፊቱ ዝቅ ብሎ ከተገኘ ራምፑ ያጥራል። አንድ ሜትር ዝቅታ በዚያው ተዳፋት 7 ሜትር ያህል ራምፕ ይቆጥባል። ቀያሽ ጠርተው ከፍታውን ያስለኩ፤ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ሁለተኛው አማራጭ ከጎረቤት ጋር አንድ መግቢያ መጋራት ነው። አዋሳኝዎ ወደፊት እሠራለሁ የሚል ከሆነ በድንበሩ ላይ ለሁለት አንድ ራምፕ ማድረግ ለሁለታችሁም ቦታ ይቆጥባል። ግን በቃል አይሆንም። የዛሬው ጎረቤት ነገ ይሸጣል፣ ወይም ወራሾቹ ይጣላሉ። የመተላለፊያ መብቱ በጽሑፍ ሆኖ በሁለቱም ይዞታ ፋይል ላይ ካልተመዘገበ ገዢው መጥቶ አጥር ሲያቆም መልስ አያገኙም። ፍትሐ ብሔር ሕጉ ከጎረቤት መሬት ላይ መተላለፊያ በግድ የሚሰጠው መውጫ ለሌለው ነው፤ እርስዎ መውጫ ስላለዎት በዚያ መንገድ አይሄድም፣ በስምምነት ብቻ ነው።

ሦስተኛው፣ በአስፋልቱ በኩል በቀኝ መግባት ብቻ ሆኖ መውጫው በኋላ እንዲሆን መጠየቅ ነው። ከላይ እንዳልኩት መግባት ከመውጣት ይሻላል፤ አንድ የግጭት ነጥብ ብቻ ነው ያለው። የኋላው አፍ በእርግጥ ጠባብ ሆኖ መስፋት የማይችል መሆኑ በልኬት ከተረጋገጠ ይህን መጠየቅ ያስኬዳል። ቢፈቀድ እንኳ ከርብስቶኑን የሚያወርደው ባለሥልጣኑ ወይም እሱ የፈቀደለት ሥራ ተቋራጭ ነው፤ የእግረኛው ንጣፍ ደረጃውን ሳይቀይር ቀጥ ብሎ ያልፋል፣ መኪናው ወደ እሱ ይወጣል እንጂ እግረኛው ወደ መኪናው አይወርድም። ስፋቱም ከ3 ሜትር ተኩል ማለፍ የለበትም፤ ሰፊ አፍ መኪና ሳይቀንስ እንዲገባ ይጋብዛል። እውነቱን ለመናገር ከመብራት 40 ሜትር ላይ፣ የብስክሌት መስመር እያቋረጠ፣ እኔ ጠረጴዛው ላይ ብቀመጥ አልፈቅድም ነበር። በዚህ ላይ አንድ ዓመት ከሚያጠፉ ያንን ጊዜ ለኋላው አፍ ያውሉት።

ወደ ካሳው ስንመጣ፣ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ካሳ የሚከፈለው ይዞታ ለሕዝብ ጥቅም ሲለቀቅና በላዩ ያለ ንብረት ሲነሣ ነው። መንገዱ ሲታደስ ከግቢዎ ቁራሽ ተወስዶ ከሆነ፣ አጥርዎ፣ የበሩ ምሰሶ ወይም የግቢው ንጣፍ ፈርሶ ከሆነ ያ ንብረት ነው፤ ግምቱ ካልተሰጠዎት ይጠይቁ፣ አዋጁ አቤቱታ ሰሚና ይግባኝ ሰሚ አካል አቋቁሟል። ለአቤቱታ የሚሰጠው ጊዜ አጭር ስለሆነ ግን ዛሬ ነገ አይበሉ። መሬትዎ ሳይነካ መኪና በሌላ በኩል ግባ መባሉ ግን በዚህ ውስጥ የሚወድቅ አይመስለኝም። «ኪራዩ ይቀንስብኛል» የሚለውም እንደዚሁ። ጠበቃ «እናስከፍላቸዋለን» ቢልዎት አስቀድሞ የሚወስደውን ይጠይቁት።

ኪራዩን ካነሣን፣ ከሁሉ የሚያሳስበኝ ከባንኩ ጋር የተነጋገሩት ነገር ነው። ባንክ ምድር ቤት ሲከራይ ብር የሚያጓጉዘው መኪና በራፉ ድረስ እንዲመጣ ይፈልጋል፣ ክሊኒኩ አምቡላንስ ይላል። «ፊት ለፊት ማቆሚያ አለው» ብለው ውል ላይ እንዳይፈርሙ። የገቡት ግዴታ መንገዱ ላይ ስላለ ሊፈጽሙት አይችሉም፤ ተከራዩ ኪራይ ይቀንስብዎታል ወይም ይለቅቃል። ለብር መኪናው በኋላ በኩል፣ ከቤዝመንቱ በቀጥታ ወደ ካዝናው የሚያደርስ መግቢያ ይሳሉለት፤ ለደኅንነቱም በሰው ፊት ብር ከማውረድ ይሻላል። አምቡላንስ አስፋልቱ ዳር ለደቂቃዎች ቆሞ ሰው ያወርዳል፤ ለእሱ በር አይቆረጥም። የተሽከርካሪ ወንበር የሚገፋበት የእግረኛ መወጣጫ ግን በፊት በኩል ግድ ነው። 18 ሜትሩ ፊት ያለ ራምፕ ሲቀር ሙሉው ለሱቅ መስታወት ይሆናል፤ ራምፑ ከነግድግዳው ይበላው የነበረውን 4 ሜትር ምድር ቤት በካሬ ያስሉት፤ የጠፋብዎት የመሰለዎት ኪራይ እዚያ ይገኛል።

ስለዚህ ነገ ጠዋት መጀመሪያ የራምፑን ብረት ሥራ ያስቁሙ። ከዚያ ቀያሹ የኋላውን ከፍታና የመንገዱን ጠባብ ቦታ ይለካ። አማካሪዎ ራምፑን አዙሮ የተሻሻለውን ስዕል ለግንባታ ፈቃድ ያስገባ፤ ፀድቆ በእጅዎ ሳይገባ ግን አርማታ አይፍሰስ። ከመንገዶች ባለሥልጣን የሚፈልጉት የመኪና መግቢያ ሳይሆን ከፊት የእግረኛ መግቢያዎ ንጣፍ ከእነሱ ንጣፍ ጋር በልክ እንዲገጥም የከፍታ ቁጥሩን ነው። የባንኩ ውል እስከዚያ ይቆይ። የድሮውን የብረት በር ደግሞ አይጣሉት፤ እነዚያ የድሮ በሮች ወፍራም ላሜራ ናቸው፣ ብየዳ ቤት ወስደው ከኋላው ለሚገጠመው ተንሸራታች ያስቀይሩት።